«የተገኘውን እንበላለን» ላልሽኝ ልጄ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ስልክ ላይ «ለሽርሽሩ መንገድ ምግብ ምን አሰባችሁ?» ስልሽ «አባዬ ደግሞ! የተገኘውን እንበላለን» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ዝም አልኩ። ግን አባትሽ ከባድ መኪና እየነዳ ስንት ዓመት «የተገኘውን» እንደበላ ታውቂያለሽ። ቀበቶዬ አልደርስ ሲለኝ ወደ ጫፉ በምስማር የበሳኋቸውን ቀዳዳዎች ትንሽ ልጅ ሆነሽ ትቆጥሪያቸው ነበር።

መንገድ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሳይበላሽ ከርሞ የሚሸጠው ነው። ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ። ባለሱቁ አይፈረድበትም፤ መቼ እንደምትመጪ በምን ያውቃል? በ330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ግን ወደ 35 ግራም ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል እስከ 25 እንዲወርድ ነው። እኔ በቀን ሦስት ጠርሙስ እጠጣ ነበር። ያውም እንቅልፍ ያባርርልኛል ብዬ! ትንሽ ነቃ ያደርገኝና ብዙም ሳይቆይ ዐይኔ መልሶ ይከደናል። በኋላ ሐኪሙ የደም ስኳሬን አይቶ መነጽሩን አወለቀ። ያኔ ነው የገባኝ።

ደግሞ መንገድ ላይ «ራበኝ» የምንለው ግማሹ ረሃብ አይደለም፣ መሰልቸት ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲረዝም እጅ ራሱ ወደ ፌስታሉ ይሄዳል። ያየሁት ዘዴ አንድ ነው፦ ትልቁን ከረጢት ጋቢና ውስጥ አታስቀምጡት። ለውዙን ከቤት ሳትወጡ በእፍኝ በእፍኝ ከፋፍሉት፤ አንዷ ስታልቅ ሌላዋን ለማምጣት መቆምና መውረድ ግድ ይሁን። እውነት የራበው ሰው ይወርዳል።

ስለ ውሃ ሳልጽፍ ብቀር እናትሽ አትለቀኝም። ሽንት እንዳይመጣባችሁ ብላችሁ ከንፈራችሁ እስኪደርቅ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። እኔም አደርገው ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወንድ ሹፌሮችን ሲሙሌተር (መንዳትን የሚያስመስል ማሽን) ላይ አስቀምጠው ሁለት ሁለት ሰዓት አስነዷቸው። አንድ ቀን በሰዓት 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ሰጧቸው፣ ሌላ ቀን 25 ብቻ። ውሃ ባነሰባቸው ቀን መስመር መሳትና ፍሬን ዘግይቶ መርገጥን የመሰለው ስህተት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 12 ሰው አይሞላም ቢባል እንኳ እኔ በራሴ ያየሁት ነው። በሰዓት አንዲት ብርጭቆ፣ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ሽንት ከመጣም እሰየው፤ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያጋልጣል። ለመሽናት የወረደ ሰው እግሩን አፍታታ ማለት ነው።

አሁን ወደ እንቁላሉ። የተቀቀለ እንቁላል ለመንገድ ከሁሉ በላይ የምወደው ነው፤ ያጠግባል፣ እጅ አያቆሽሽም። ግን አንድ ቀን የእንቁላል ሳንድዊች ዳሽቦርድ ላይ ትቼ ጭነት ሳራግፍ ቆየሁ። ስመለስ ዳቦው ለብ ብሎ ጥሩ ሸተተኝ፤ በላሁት። ማታውን የት እንዳሳለፍኩ አትጠይቂኝ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከውጪው በ20 ዲግሪ ገደማ ሊበልጥ ይችላል። የበሰለ ምግብ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ እርጎ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። «አይሸትም እኮ» አትበሉ። የሚያሳምመው ሁልጊዜ አይሸትም።

ስለዚህ አይስቦክሷን ከእኔ ውሰጂ። በረዶ አትግዙ፤ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዛችሁ ከታች ደርድሩ። ሲቀልጥ ትጠጡታላችሁ። ቶሎ የሚበላሸው ከሥር፣ ካሮትና ፖም ከላይ። ሙዝ አይስቦክስ ውስጥ አይግባ፤ ይጠቁራል፣ የሌላውም ዕቃ ይጨፈልቀዋል። ኮፍያሽ ውስጥ አድርጊው፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

ምሳ ቤት ስትቆሙ የሚነዳው ሰው ከሌሎቹ ያነሰ ይብላ። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት ምሳ ባይበላም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ በዘይት የተጠበሰ ሲጨመርበት አስቢው። የተጠበሰውን ለእራት አቆዩት፣ ያኔ ማንም አይነዳም። ቡና ከጠጣሽ ሥራ ለመጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እኔ ጠጥቼ ወዲያው መኪናውን ደህና ቦታ አቁሜ ሃያ ደቂቃ እተኛለሁ፤ ስነቃ ቡናው ደርሷል። ከአመሻሽ በኋላ ግን ተዪው። ከጠጣሽው አምስት ሰዓት ቆይቶም ግማሹ ገና ደምሽ ውስጥ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ መንዳት አለ።

እየነዳሽ ግን አትብዪ። አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ብርቱካን ስትልጥ ያየሁሽ ቀን አለ፤ አልረሳሁትም።

አይስክሬም ቢያምራችሁ ብሉ፣ አልቆጣም። ለሽርሽር ነው የወጣችሁት፣ ለሆስፒታል አይደለም።

ሦስት ጠርሙስ ውሃ ዛሬ ፍሪዘር ውስጥ ከትቻለሁ። በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ አፋቸው ድረስ አልሞላኋቸውም። ነገ ጠዋት ሳትወጪ አይስቦክሷ ውስጥ አድርጌ ቤትሽ አመጣልሻለሁ፤ ቁልፉን በር ላይ ተዪልኝ፣ እንዳልቀሰቅስሽ።

አባትሽ