ጥጉ ላይ ያለችው እናት

ለውዷ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት ቤት ይቁጠረው። ማሙሽ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ለቅሶሽን አልደረስኩም። መጀመሪያ መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ግን ስልክ እንኳን መደወል አቃተኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምትል አንድ መስመር ጻፍኩልሽ፤ በዚያው አፌ ተያዘ። ሰበብ ልደረድርልሽ አይደለም። ይቅርታሽን እለምናለሁ። ደግሞ አንድ ያየሁት ነገር አለ፤ ላንቺ ሳልነግር መቀመጥ አልቻልኩም።

እዚህ ቡካሬስት የድሮው ቤተ መንግሥት ዛሬ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል። ባለፈው እሁድ ገባሁ። የጥንቱ የሮማኒያ ሥዕል ያለበት ክፍል ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተነስተው የመጡ ሥዕሎች አሉ። ኩርትያ ዴ አርጀሽ ከሚባል ከተማ የመጡ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው የዋላኪያው (ዛሬ የሮማኒያ ክፍል ነው) ገዢ ንያጎዬ ባሳራብ ነው። በ1517 ተመረቀ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)፤ ሠዓሊው ዶብሮሚር ሥራውን የጨረሰው ግን በ1526 ነው።

ንያጎዬና ሚስቱ ዴስፒና ከነልጆቻቸው ተስለዋል። ጣና ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሳሉትን ታስታውሻለሽ? የዚያ ዓይነት ነው። ያሠራው ሰው እዚያው ግድግዳው ላይ ሆኖ ጸሎት ይጠብቃል። እዚህ ግን ቤተሰቡ ቆሞ ነው። ልጆቹም አብረው ቆመዋል፤ ልጅ የሚመስል ግን አንድም የለም። እንደ ወላጆቻቸው ዘውድ ደፍተዋል፤ እንደ ወላጆቻቸው የከበረ ልብስ ለብሰዋል። ቁመታቸው ባያጥር ኖሮ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ትያለሽ። የሚስቅ የለም፤ እናቱ ቀሚስ ሥር የሚሸሸግ የለም።

መጀመሪያ ቅር አለኝ። ሠዓሊው ልጅ አይቶ አያውቅም እንዴ አልኩ። ኋላ ነው የገባኝ። በዚያ አገር ዙፋን በቀጥታ ለበኩር ልጅ አይተላለፍም ነበር። ከገዢው ዘር የሆነ ሁሉ ሊመረጥ ይችላል፤ ከላይ ደግሞ የቱርክ ሱልጣን አለ። ስለዚህ አባት ልጁን ግድግዳ ላይ ሲያስል፣ ወራሼ ይኸው ማለቱ ነው። ልጁ የተሳለው ገና ሊሆን የሚጠበቅበትን ሆኖ ነው። ሥዕሉ በ1694 ያለቀው ሁሬዚ ገዳምም እንዲሁ ነው። ኋላ ዋላኪያን የገዛው ኮንስታንቲን ብሪንኮቬያኑ ከነቤተሰቡ በረጅሙ ተሰልፎ ይታያል። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1714፣ እሱና አራቱ ወንዶች ልጆቹ ኢስታንቡል ውስጥ በአንድ ቀን አንገታቸው ተቀላ።

አሁን ወደ ዴስፒና ልመልስሽ።

ንያጎዬ በ1521 ሞተ። ዙፋኑ ለልጁ ለቴዎዶስዬ ሆነ፤ አባቱ የምክር መጽሐፍ ጻፈለት የሚባለው ልጅ ነው። አካለ መጠን እንኳን አልደረሰም ነበር። ወራት ሳይቆይ ተሸነፈ፤ በ1522 በስደት ኢስታንቡል ላይ ሞተ። ሌሎቹ ሁለት ወንዶች ልጆቿ ቀድመው ሞተዋል። ሦስተኛው ነው፤ የመጨረሻው።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ ዴስፒና ያሠራችው የእንጨት ላይ ሥዕል አለ። ክርስቶስን ከመስቀል ሲያወርዱት ነው። እመቤታችን ልጇን ተቀብላ አቅፋለች። ከሥር፣ ጥጉ ላይ፣ ሌላ ትንሽ ሴት አለች። እሷም ልጅ ታቅፋለች። ዴስፒና ናት፤ ያቀፈችው ቴዎዶስዬን ነው።

እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ያ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ወራሽ እዚህ እናቱ ክንድ ላይ ነው። ማንንም አያስፈራም፤ ምንም አይወርስም። እንዲያ እያየሁት፣ ልጅ ሆኖ የተሳለው አሁን ነው አልኩ። እሷም ልጇን ይዛ ከእመቤታችን ጎን ስትሆን ድፍረት መስሎ አልታያትም። የኔም ልጄ ነው ያለች ነው የመሰለኝ። ሠዓሊውም እሺ ብሎ ቦታ ሰጣት። ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ኖራለች። መነኮሰች፤ በ1554 ሲቢዩ ከተማ አረፈች። ያን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደኖረችው የሚነግረኝ ሰው ብፈልግ፣ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ።

እህቴ፣ ካንቺ የሸሸሁት የማሙሽን ነገር ባነሳ የማስለቅስሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ሁልጊዜም ይዘሽዋል። ዝም ያልኩት ለኔ እንዲቀለኝ ነው።

ለገና እመጣለሁ፤ ቲኬት ቆርጫለሁ። በቀጥታ ቤትሽ ነው የምመጣው። ከተፈቀደልኝ መቃብሩ ድረስ አብረን እንሂድ። ከተመለስን በኋላ ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ አንቺ ስለሱ የፈለግሽውን ያህል አውሪኝ፤ ስለሚያኮርፍበትም፣ ማታ ማታ አልተኛም ስለሚልበትም።

እስከዚያ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ፣ አፉ በማንጎ ተጨማልቆ የሚስቅበትን ፎቶ ልከሽልኝ ነበር። የድሮ ስልኬ ሲበላሽ አብሮ ጠፋብኝ። እንደገና ላኪልኝ።

እህትሽ፣
ከቡካሬስት