አንቺም ክርስቲያን ነሽ እንዴ?

ልጄ፣

እሁድ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። አብራሽ የምትሠራው ልጅ «አንቺም ክርስቲያን ነሽ እንዴ?» ብላ እንደጠየቀችሽ ነገርሽኝ። ለጥያቄው መልስ አላጣሽም። የከነከነሽ ያቺ «እንዴ» ናት። ስድስት ወር ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጣ አለማወቋ። እኔም ቶሎ ብዬ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» አልኩሽ። እውነቱን ለመናገር የምልሽን ስላጣሁ ነው። አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

በቅድሚያ ግን ነገ ጠዋት ተነስተሽ ጠረጴዛሽ ላይ ጥቅስ እንዳትለጥፊ። እኔ አድርጌው አይቻለሁ።

አንቺ ገና ሕፃን ሳለሽ ነው። በሥራ ቦታዬ፣ ከወንበሬ ጀርባ፣ በትልቁ የተጻፈ ጥቅስ ነበረኝ። ከ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ነው፤ ፍቅር ይታገሣል የሚለው። አንድ ቀን የተሳሳተ ሪፖርት ወጣ። ያዘጋጀው በእኔ ሥር የሚሠራ ወጣት ነበር። ሰው ፊት ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ እናትሽም አታውቀውም። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ግድግዳውን አየ። ጥቅሱን እስከ መጨረሻው ያነበበው መሰለኝ። አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣ።

ማታ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ስሕተቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። የተሳሳተውን ቁጥር የሰጠሁት ራሴ ነኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ፤ ቀላሉ እሱ ነበር። ግን የጮህኩት ሰው ፊት ነው። ይቅርታውም እዚያው፣ እነዚያው ሰዎች ፊት መሆን ነበረበት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ጠየቅኩት። ጥቅሱንም በዚያው ዕለት አነሳሁት። አፍሬበት አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ አፍሬም ነው።) ግድግዳው እየመሰከረ እኔ ስክድ አልሆን ስላለኝ ነው።

ልጁ ከዚያ በኋላ አማኝ ሆነ ብልሽ ደስ ባለኝ። አልሆነም። ከዓመታት በኋላ ግን እናቱ ስትሞት በሌሊት የደወለው ለእኔ ነው። «ይጸልዩልኝ» አላለኝም። «ይምጡልኝ» ብቻ ነው ያለኝ። ሄድኩ።

አንቺ የተጠየቅሽውን ስሰማ ጴጥሮስ ትዝ አለኝ። እሱንም መጀመሪያ የጠየቀችው ንጉሥ ወይም ዳኛ አይደለችም። ግቢ ውስጥ ያገኘችው አንዲት ገረድ ናት። ካደ። ከዚያ አጠገቡ የቆሙት ምን እንዳሉት ታስታውሻለሽ? «አነጋገርህ ይገልጥሃል።» የገሊላ ሰው ነዋ! አፉ እየካደ ቅላጼው አሳበቀበት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ሦስት ዓመት ከጌታ ጋር የዋለ ሰው እንዴት ብሎ ይደበቃል?

ይኸው ጴጥሮስ ነው እንግዲህ በመልእክቱ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ብሎ የጻፈው። «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎም ጨመረበት። ይህች ጭማሪ ከዚያ ግቢ የመጣች ይመስለኛል። አንዴ እንደዚያ የወደቀ ሰው ሌላውን ቁልቁል እያየ አይመልስም። ደግሞ «ለሚጠይቋችሁ» ነው ያለው። ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ሲያይ ነው።

ምስክር የሚለው ቃል ራሱ የችሎት ቃል ነው። ምስክር ጠበቃ አይደለም፤ ተከራክሮ መርታት አይጠበቅበትም። ያየውን ይናገራል፣ ያላየውን አላየሁም ይላል። በዮሐንስ 9 ላይ ያለውን ዕውር የነበረውን ሰው ተመልከቺው። ሊቃውንቱ ስለ ፈወሰው ሰው በጥያቄ ሲያጣድፉት፣ ኃጢአተኛ መሆኑን አላውቅም አለ። የማውቀው ዕውር እንደነበርኩና አሁን እንደማይ ነው አለ። አለቀ። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ «አላውቅም» ለማለት አትፈሪ። በግዕዝ ምስክር «ሰማዕት» ነው፤ ሰማ ከሚለው ግስ የወጣ። ስለ እምነታቸው የሞቱትን የምንጠራበት ቃል መነሻው ይኸው ነው። ከእኔና ከአንቺ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ደም አይደለም። በሰዓቱ መገኘት ነው፣ የሌላውን ድካም የራስ አስመስሎ አለማቅረብ ነው።

አንቺ ደግሞ ያለብሽን አውቃለሁ፤ አትቆጪ። ገና ከአልጋ ሳትወርጂ «መንገድ ላይ ነኝ» ትያለሽ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ጌታ ግን ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ሲል መሐላን ብቻ የከለከለ አይመስለኝም። «ገና አልተነሳሁም፣ ይቅርታ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አንድ ሳምንት ሞክሪው። ሐሜት ሲጀመርም ስብከት አትጀምሪ። ስሟ የተነሳው ሴት እዚያ ብትኖር የማትናገሪውን አትናገሪ፤ ይበቃል። ዝምታሽን ያስተውሉታል።

ጣቢታን ታውቂያታለሽ፣ የኢዮጴዋን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ናት። ከአፏ የወጣ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈልንም። ስትሞት ግን መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። እነሱ ናቸው የመሰከሩላት። ጴጥሮስ ያን ልብስ ሲያይ ምን እንዳሰበ ባውቅ!

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ለምን እንደገረማት ጠይቀሻታል? አልጠየቅሻትም፤ አውቅሻለሁ። ተቀይመሽ ዝም ብለሻል። ምናልባት ከዚህ በፊት ያየቻቸው ክርስቲያኖች ጎድተዋት ይሆናል፣ አንቺ አልመስል ብለሻት። ምናልባት ደግሞ የሆነ ቀን ተናግረሽ የረሳሽው፣ እሷ ያልረሳችው ነገር ይኖራል። ሁለተኛው ከሆነ መሐል ገብተሽ ራስሽን አትከላከዪ። ስሚያት፣ ከዚያ ይቅርታ ጠይቂያት። ቤተ ክርስቲያን እንድትመጣ ለመጋበዝ ግን ያን ቀን አይደለም። ይደርሳል።

እሁድ ስትደውዪ ምን እንዳለችሽ ንገሪኝ። እናትሽ ስልኩን ካነሳች ደግሞ ስለ ጩኸቱ ምንም እንዳትይ። እኔው ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

አባትሽ