ለአባዬ፣ ከአረካ መልስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 20

አባዬ፣

እንዴት ከረምክ? ጉልበትህ ክረምቱን እንዴት ቻለው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ይህን በትልልቅ ፊደል አሳትሜ በሰው እጅ የላክሁት ራስህ እንድታነበው ብዬ ነው። ወንድሜ "ላንብብልህ" ካለህ መነጽርህን ፈልግና እንቢ በለው። በስልክ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከጎንህ አለ፤ እኔም "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ" ተባብለን እዘጋለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። የትንሹ ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀው ስሙን እንኳ በፉጨት ነው የሚናገረው። ትልቋ ከአንተ ዘንድ ከተመለሰች ወዲህ ዳጣ ካልቀረበላት እራት አትበላም። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ቤቱ በደብተርና በጫማ ተሞልቷል። አረካ ላይ ለልጆች ስላደረግነው የመጽሐፍ ቅዱስ ካምፕ ጠይቀሃት አማርኛው አጥሯት "ጥሩ ነበር" ብቻ ብላህ ነበር፤ ቀሪውን እኔ ልንገርህ።

ከቤተ ክርስቲያናችን የሄድነው 14 ነበርን፤ አብዛኞቹ እዚህ የተወለዱ ወጣቶች ናቸው። ሁላችንም ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሰናል። 150 ልጆች ጠብቀን በሦስተኛው ቀን ከ300 በላይ መጡ፤ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ሳልቆጥር ነው። ዳቦውን ለሁለት ለሁለት ቆረስነው። ወጣቶቹ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ የአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ደግሞ ወደ ወላይትኛ። ዮናስ ከዓሣው ሆድ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። (ወላይትኛዬ ዝጓል፤ አትቆጣኝ።) በአራተኛው ቀን መምህሩ እኛን መጠበቅ ታከተውና ታሪኩን ራሱ ተረከው። ልጆቹ ከልባቸው የሳቁት ያን ቀን ነው። እሱ እኛ ከሄድንም በኋላ እሑድ እሑድ እዚያው ነው። የአንዳችን ትኬት ብቻ ለእሱ ምን ያህል ጊዜ ያኖረው እንደነበር አስብ ነበር። ለቡድኑ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ከአሜሪካ አምስት ቀለም ዶቃ ይዘን ሄደን ነበር፣ በእጅ የሚታሰር። ጥቁሩ ኃጢአት፣ ቀዩ ደሙ፣ ነጩ የነጻ ልብ፣ አረንጓዴው ዕድገት፣ ቢጫው ሰማይ። አንድ ልጅ ጥቁሩን ዶቃ ክንዱ ላይ አስጠግቶ ሲያስተያይ አየሁት። አንተ ኃጢአትን አንድም ቀን "ጥቁር" ብለኸን አታውቅም። ጣትህን የድስት ቂጥ ላይ ታሽና ጥላሸቱን አሳይተኸን ከዚያ በፊታችን ትታጠበው ነበር። በማግስቱ ድስት አስመጣሁ። ይህን ከአንተ ነው የተማርኩት፣ ተባረክልኝ።

በመጨረሻው ቀን ልጆቹ አለቀሱ። አንዲት ልጅ ቀሚሴን ይዛ "መቼ ትመጫለሽ?" አለችኝ። "የሚመጣው ዓመት" አልኳት። ውሸቴን ነው፤ የሚመጣው ዓመት ቡድኑ ሌላ አገር ነው የሚሄደው። አባዬ፣ የዚያን ሰዓት 1984 መጣብኝ።

ስለ እስር ቤቱ አይደለም። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ስትታሰር እኔ ገና በእማ ጀርባ ነበርኩ፤ በእሱ እኮራለሁ። በ1984 ክረምት ግን ማንም አላሰረህም። ስምንት ዓመቴ ነበር። ወባ ጥሎኝ እማ በዝናብ አዝላኝ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ወጣች። አንተ ጎፋ ልጆች ታስተምር ነበር። ሰው ተላከብህ። የመጣኸው በ11ኛው ቀን ነው። ግንባሬን ስመህ "ጌታ ይመስገን" አልክ፤ ማታ ደግሞ የጎፋ ልጆች ሲሸኙህ እንዴት እንዳለቀሱ ለእማ ስታወራላት ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁ። እማ ምንም አላለችም። ቡና ቀዳችልህ። በሳምንቱ ሰንበት ትምህርት ቤት አልሄድም ስልህ ለምን ብለህ ጠየቅከኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኩህ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ከሆሳዕና ወርደን አረካ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ከዚያ ሶዶ ሚኒባስ ለያዘ ሰው አንድ ሰዓት አይሞላም። ዘጠኝ ቀን ውዬ አድሬ ሁለት ምሽት ብቻ መጣሁ፤ አንዱንም ሾፌሩ ከደጅ ጡሩምባ እየነፋ። "ፕሮግራም አለን" አልኩህ። "የጌታ ሥራ ይቀድማል" ብለህ መረቅከኝ። ብትቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

በረንዳው ላይ የሆነውን ትልቋ አልገባትም። የጥንቱን ታሪክ ጀመርክላት፦ ሚሲዮናውያኑ በ1928 እ.ኤ.አ. ሶዶ እንደ ደረሱ፣ በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው የተጠመቁት 48 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ። በልጅነቴ ቀጣዩን ቃል ከአፍህ እየነጠቅኩ አብሬህ የምለው ታሪክ ነው። "አርባ ስምንት" አልክና ቆምክ። የዳሞታን ተራራ አየህ። "አርባ ስምንት" አልክ እንደገና። ስትቸገር አይቼ ጨረስኩልህ፦ ነጮቹ ሲመለሱ ወደ አሥር ሺህ የሚሆን ምእመን ጠበቃቸው። "አሥር ሺህ?" አልክ፣ ፊትህ በራ። "ወይ ጌታ! ማን ነገረሽ?" ትልቋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ በእማ ስም ጠርተሃት ቡና እንድትደግምህ አዘዝካት። ቀዳችልህ።

ሥራዬ ሽማግሌዎችን መንከባከብ ነው፤ አጀማመሩን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የበሽታውን ስም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። ድካም ሊሆን ይችላል። የቫይታሚን እጥረት ወይም ታይሮይድም እንዲህ ያደርጋል፣ እሱ ከሆነ ይታከማል። ማክሰኞ ወንድሜ ሐኪም ዘንድ ይወስድሃል፣ ደም ይወስዱልሃል። "እጸልይበታለሁ" ብለህ አታስቀር፤ ጸልየህ ሂድ። ለበረንዳው ደረጃ የብረት መደገፊያ እንዲሠራ ገንዘብ ልኬያለሁ። ለልጆች ፕሮግራም እንዳትሰጠው፣ አውቅሃለሁ።

ጥር ላይ ብቻዬን እመጣለሁ፣ ሦስት ሳምንት። ጎፋን አነሳብሃለሁ። ልትከላከል ትችላለህ፣ ልትቆጣም ትችላለህ። የምፈራው "የቱ ጎፋ?" እንዳትለኝ ነው፤ እስከ ጥር መጠበቅ አቅቶኝ ዛሬ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ይህን ካነበብክ በኋላ ትዝ የሚልህን በዚያው ወረቀት ጀርባ ጻፍልኝ። የእጅህ ጽሑፍ ቢንቀጠቀጥም አነበዋለሁ።

የመድኃኒት ሳጥኑ ላይ ቀኖቹን በአማርኛ ጽፌያቸዋለሁ። ነጩ ጠዋት ነው። ቢጫው ማታ፣ ከእራት በኋላ።

ልጅህ