ፕላስቲክ ስለሆነ ብቻ ፎርጅድ አትበሉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ድሮ ወታደራዊ ዕቃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነበረ የእንግሊዝ ወታደር የመለዮ ዓርማ ፕላስቲክ ሆኖ ከተገኘ ፎርጅድ ነው፣ አትግዙት ይላሉ። ይሄ ልክ አይደለም። ምክሩን አምኖ ከአያቱ ሣጥን ያገኘውን የሚጥል ሰው እንዳይኖር ሰግቼ ነው የምጽፈው።

በሰላሙ ጊዜ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሬጅመንቶች፣ ማለትም የየራሳቸው ዓርማ ያላቸው የጦር ክፍሎች፣ ዓርማቸውን ከሁለት ዓይነት ብረት ያሠሩ ነበር። አንዱ ክፍል ቢጫ ናስ ነው። ሌላው ኒኬል ያለበት ነጭ ብረት ነው። ሁለቱ ለየብቻ ተቀርጸው ይበየዳሉ። ሥራው ጊዜና ባለሙያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1916፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲከፋ፣ ነጩ ብረት ቀረና የብዙዎቹ ዓርማ በአንድ ወጥ ናስ መታተም ጀመረ። ኒኬልም ተረፈ፣ ብየዳም ቀረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

በሁለተኛው ጦርነት ግን ናሱም ራሱ ተወደደ። የጥይት ቀለህ የሚሠራው ከናስ ነው፤ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ አካባቢ የፕላስቲክ ዓርማ ተፈቀደ፤ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ለወታደሩ ታደለ። የተሠራው ሴሉሎስ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ቀለሙ እንደ ሬጅመንቱ ብርማ ግራጫ፣ ወርቃማ ወይም ቡናማ ነው። በዎልሶል ከተማ የነበረው የስታንሊና ልጆቹ ፋብሪካ እና የለንደኑ ፍሬዘር ኤንድ ግላስ ከሠሩት መካከል ናቸው። የብዙዎቹ ጀርባ ላይ የሠሪው ስም ወይም ምልክት ይገኛል።

ቁጠባው ስንት ነው? የእንግሊዝ ምድር ጦር በጦርነቱ ማብቂያ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ደርሶ ነበር። አንዱ ዓርማ 20 ግራም ይመዝናል ብለን ብናሰላ 60 ቶን ብረት ይሆናል። ለዚያ ሁሉ ጦርነት ብዙ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ትርፍ ማተሚያ ማሽኑና ባለሙያው ነው። ዓርማ የሚያትም ማሽን የጦር መሣሪያ ክፍል ማተምም ይችላል። የብረት ሠራተኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

ወታደሩ ፕላስቲኩን አልወደደውም። ቅርጹ እንደ ብረቱ ጥርት ብሎ አይወጣም። ከጀርባው ያሉት ሁለት የብረት ምላሶች በቆቡ ውስጥ አልፈው ይታጠፋሉ፤ ደጋግመው ሲታጠፉ ይሰበራሉ። ዓርማውን ወልውሎ ማብረቅ የወታደር ኩራት በነበረበት ጦር ውስጥ፣ የማይወለወል ዓርማ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። የድሮውን የብረት ዓርማ ያገኘ እሱን ነበር የሚመርጠው። ለእኔ ግን ይህ ፕላስቲክ ከሚያብረቀርቀው ብረት የበለጠ ስለዚያ ዘመን ይናገራል። አገሩ ምን ያህል እንደተጨነቀ በእጅ ይዘው የሚያዩት ነገር ነው።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎችም ተመሳሳዩን በሳንቲም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1943ቱ አንድ ሳንቲም መዳብ ለጥይት ስለተፈለገ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ፤ ጸሐፊው ሳይነኩት ያለፉት ይሄን ነው። ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት ዘመቻ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቀን ይቁጠር። በእንግሊዝ የሚመራው የኅብረት ጦር አዲስ አበባ የገባው በመጋቢት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ ጎንደር የወደቀው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። የፕላስቲኩ ዓርማ ለወታደር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ይሄ ፕላስቲክ አዲስ አበባን ነፃ ካወጣው ወታደር ቆብ ላይ የተነሳ ነው» ቢላችሁ አትመኑት። ዓርማው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ ግን አይገጥምም። ከዚያ በኋላ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ እዚህ ከቆየው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ጋር ቢያያይዘው እንኳ ማስረጃ ጠይቁት።

እርግጥ ፎርጅድ ፕላስቲክም አለ፤ የ1916ቱ ወጥ ናስም ይኮረጃል። ስለዚህ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን እዩ። ምላሶቹ ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የተቀረጹ መሆን አለባቸው እንጂ በኋላ በማጣበቂያ የተለጠፉ መሆን የለባቸውም።

ዕቃው ቤታችሁ ካለ ደግሞ በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ አትዝጉት። ይህ ፕላስቲክ ሲያረጅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይጣመማል። አየር የሚያገኝ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ ቦታ ይስማማዋል። ሽታው ከጀመረ ከሌሎቹ ለዩት።

እርማቱን በዚያው ዓምድ እንድታወጡልን እጠይቃለሁ። ቢቻል ከፎቶ ጋር ይሁን፤ የጀርባውንም ፎቶ ጭምር።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከበርሚንግሃም