የላም አጥር ለፈረስ አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው አስፋልት ላይ ማታ ፈረስ በታየ ቁጥር «ባለቤቱ ለቆት ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልለቀቀውም፤ ጥሶ ወይም ከፍቶ ነው የወጣው። ባለቤቱን ስለ መቅጣት ከመነጋገራችን በፊት ስለ አጥሩ እንነጋገር።

ትልቁ ጥፋት እሾሃማ ሽቦ ነው። ላም ሲወጋት ወደ ኋላ ትላለች። ፈረስ ግን እግሩ ከተያዘ ደንግጦ ሽቦው ወይም እግሩ እስኪበጠስ ድረስ ይጎትታል። ከጉልበቱ በታች ያለው ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ብቻ ስለሆነ አንድ ጉተታ ለዕድሜ ልክ ያነክሰዋል። ከዚያ በቁስል የሚገባው መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) አለ፤ ከቤት እንስሳት ለዚህ በሽታ እንደ ፈረስ የሚጋለጥ የለም። በአጥር ግርጌ የሚቆም አሮጌ ቆርቆሮም ጠርዙ ከሽቦው አይሻልም። ሽቦውን ሁሉ መንቀል አቅም ካልፈቀደ የታችኛው መስመር ይነሳ፣ የላይኛው በእንጨት አግዳሚ ይተካ።

ባህር ዛፍ ይበቃል። ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቋሚ 70 ሳንቲ ሜትር ተቀብሮ 130 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በላይ ይቀራል። ለአገራችን ፈረስ ይህ ደህና ነው፤ ድንጉላ ካለ ወደ 150 ከፍ ይደረግ። በቋሚዎቹ መካከል 2 ሜትር ይበቃል። ለምስጥ ሲባል ግርጌውን የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ፈረስ እንጨት ማኘክ ስለሚወድ ዘይቱ ከአፈር በላይ መውጣት የለበትም።

አግዳሚዎቹ ሦስት ይሁኑ፦ በ40፣ በ80 እና በ125 ሳንቲ ሜትር። የሚመቱት ከቋሚው በውስጥ በኩል፣ ፈረሱ ባለበት ወገን ነው። ከውጭ ከተመቱ ፈረሱ ሲደገፋቸው ምስማሩን እየነቀለ ይሄዳል፤ ከውስጥ ሲሆኑ ግን የሚገፋው ቋሚውን ነው። የታችኛው ዝቅ አይበል፤ ፈረስ አጥር ጥግ ተኝቶ ሲንከባለል እግሩ ይገባል፣ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ መልሶ አያወጣውም። ውርንጭላ ካለ ግን የታችኛው ክፍት ቦታ በሥሩ ሾልኮ ስለሚያስወጣው ለእሱ ብቻ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ማታ ከእናቱ ጋር ጋጣ ማስገባቱ ይቀላል።

ደሴ ላይ፣ በተለይ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ተዳፋት፣ ከፍታው የሚለካው ፈረሱ ከሚቆምበት ከላይኛው ወገን ነው። ከታች ቆሞ ሲታይ ረጅም የሚመስል አጥር ከላይ ለሚመጣ ፈረስ አጭር ነው፤ በቀላሉ ይዘለዋል። ድንጋይ ባለበት ሰፈር የታችኛው ዳር በካብ ቢሠራ ይመረጣል።

በሩን ብዙ ሰው በገመድ ያስራል። ፈረስ በከንፈሩ ቋጠሮ ይፈታል፣ መወርወሪያ ይስባል። ሰንሰለት ከመንጠቆ ጋር፣ ያውም ከበሩ ውጭ በኩል ይሁን። ማጠፊያዎቹ ሁለቱም ሽቅብ ከተሠሩ በአንገቱ ብድግ አድርጎ ያወልቀዋል፤ የላይኛው ወደ ታች ይገልበጥ። ለጋሪ ከሆነ ስፋቱ 3 ሜትር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ግን ጅብን አያቆምም። ጅብ የሸተተው ፈረስ ደህናውን አጥር ደረቱን ሰጥቶ ይሰብረዋል። ማታ ቦታው ጋጣ ነው፤ 3 በ3 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ድፍን፣ በሩ ከመሬት ጋር የገጠመ። ድርቆሹንም ማታ አብዝቶ መስጠት ነው፤ የጠገበና ውኃ የጠጣ ፈረስ መውጫ አይፈልግም። ሠርቶ የዋለ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል።

ቀይዶ ማሳደር አጥርን አይተካም፤ የተቀየደ ፈረስ ከጅብም ከመኪናም አያመልጥም።

ሐምሌና ነሐሴ አፈሩ ስለሚላላ በየሳምንቱ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በትከሻ ገፋ ማድረግ፣ የተነቃነቀውን ሥሩን በድንጋይ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። የሚቀድመው የበሩ ቋሚ ነው፤ ፈረስ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ስለሚቆም ቶሎ የሚጨቀየው እሱ ሥር ነው።

የፈረስ አርቢዎች፣ ከኮምቦልቻ