በፋሲል ግቢ የድንጋይ ቅስት ላይ ስለደረሰ ጉዳት የቀረበ ቅሬታ

ግንቦት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለኢንተርኔት መስመር ዘርጊው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በቅስቱ ላይ የተመቱት ቡሎኖች በባለሙያ እንዲነቀሉና ቀዳዳዎቹ በሲሚንቶ እንዳይደፈኑ ስለመጠየቅ

ግንቦት 8 ቀን ወደ ቤቴ መስመር ሊያስገቡ የመጡት ሠራተኞቻችሁ ሥራቸውን በትሕትና ስለጨረሱ አመስግኜ ሸኝቻቸው ነበር። በማግስቱ ግን ገመዱ በየት እንዳለፈ ስመለከት፣ የፋሲል ግቢ የውጭ ቅጥር በር ቅስት በትራፓኖ ተበስቶ አራት ቡሎን ተመቶበት አገኘሁ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ያረፉት ድንጋዮቹን በሚያያይዘው ኖራ ላይ ሲሆን፣ አንዱ ቡሎን ከአናቱ ያለውን የመዝጊያ ድንጋይ ጠርዝ ሸርፎታል። ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ሸክሙን ወደ ግራና ቀኝ ምሰሶዎች ስለሚያስተላልፉ ነውና በዚህ ቦታ የደረሰ ጉዳት፣ ትንሽም ቢሆን፣ እንደ ተራ ግድግዳ ጭረት ሊታይ አይገባውም።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን በስልክ የተሰጠኝ «ቀዳዳውን በሲሚንቶ እንደፍነዋለን» የሚል መልስ ነው። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ድርቅ ያለና እርጥበት የማያሳልፍ በመሆኑ፣ የክረምቱ ውሃ በኖራው በኩል እንዳይወጣ አግዶ ድንጋዩን ከውስጥ ያፈራርሰዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በግቢው ሕንጻዎች ላይ የተደረገው የሲሚንቶ ጥገና ከጊዜ በኋላ ተነሥቶ በኖራ መተካት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ያ ስሕተት በዚችው ከተማ መደገሙ እጅግ ያሳዝነኛል።

ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቡሎኖቹ የቅርስ ባለሙያ በተገኘበት እንዲነቀሉ፣ ቀዳዳዎቹ በኖራ እንዲጠገኑ፣ ወጪውንም ድርጅቱ እንዲሸፍን፣ ገመዱ ደግሞ ቅጥሩን ሳይነካ በመንገዱ ዳር በእንጨት ምሰሶ እንዲዞር እጠይቃለሁ። መስመሩ የተዘረጋው ለእኔ በመሆኑ ጉዳቱ በእኔም ምክንያት የደረሰ ያህል ይሰማኛል፤ እስኪስተካከል ድረስም ያለ ኢንተርኔት ለመቆየት ፈቃደኛ ነኝ። ክረምቱ ሳይገባ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እየጠየቅሁ፣ ፎቶግራፎቹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ደንበኛና የአካባቢው ነዋሪ

ግልባጭ፦ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ