ሻይ የቅባት ማካካሻ አይሆንም

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ሳምቡሳ ወይም ፈጢራ ለበላ ሰው «ሻይ ጠጣበት፣ ቅባቱን ይቆርጥልሃል» ማለት የተለመደ ነው። አሁን አሁን ደግሞ አረንጓዴ ሻይ «ስብ ያቀልጣል»፣ «ጉበት ያጥባል» እየተባለ በከረጢትም በእንክብልም ይሸጣል። እኛ በሥነ ምግብና በውስጥ ደዌ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ነገሩ ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ግን ሻዩ ከሚችለው እጅግ የበለጠ ሥራ ተሰጥቶታል።

የሻይ ቅጠል ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። በጥቁር ሻይ አብዛኞቹ ቅጠሉ ሲጠቁር ወደ ሌላ ውሕድ ይለወጣሉ፤ በአረንጓዴው እንዳሉ ይቆያሉ። ካቴኪን አንጀት ውስጥ ስብን የሚፈጨውን የቆሽት ኢንዛይም በከፊል ያዳክማል፤ ኮሌስትሮልም ወደ ሰውነት እንዳይገባ በመጠኑ ያግዳል። በሰው ላይ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ አረንጓዴ ሻይ ጠቅላላ ኮሌስትሮልን በዴሲሊትር 7 ሚሊ ግራም ገደማ ይቀንሳል። 240 የነበረው 233 ሆነ ማለት ነው። ይህ የማይናቅ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ግን ፈጽሞ አይተካም። ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል አይጨምርም፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብም ያን ያህል አይነካውም።

ስለ ጉበት የሚነገረው ተስፋ አብዛኛው የመጣው ከአይጥ ሙከራ ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ እየበሉ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ የተቀላቀለላቸው አይጦች ጉበት ላይ የተጠራቀመው ስብ አነስ ብሎ ተገኝቷል። ነገር ግን ከምግባቸው ከመቶ 1 ወይም 2 እጁ ደረቅ የሻይ ጭማቂ ነበር። ሰው ይህን መጠን በብርጭቆ ሊደርስበት አይችልም፤ በእንክብል ልድረስበት ካለ ደግሞ የሚጎዳው ያው ጉበቱ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. የተባለውን ዋናውን ካቴኪን በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መውሰድ የጉበት ኢንዛይሞችን በደም ውስጥ ከፍ እንደሚያደርግ ገልጿል፤ ይህ ጉበት የመጎዳቱ ምልክት ነው። አረንጓዴ ሻይ አፍልቶ የሚጠጣ ሰው በቀን የሚያገኘው ከ90 እስከ 300 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ የፈላውን ይጠጡ፣ እንክብሉን ይተዉ። እንክብል እየወሰደ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ሕመም የተሰማው ሰው እንክብሉን አቁሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ጋዜጣችሁም «ጉበት የሚያጥብ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣለት ምን ያህል ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. እንዳለው ሳይጠይቅ ባያትም ደስ ይለናል።

በእኛ አካባቢ ዋናው ችግር ስኳሩ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ለጥ ብሎ ሲሞላ 4 ግራም ያህል ነው፤ ሲቆለል ከዚያ ይበልጣል። 3 ማንኪያ የገባበት ብርጭቆ በቀን 5 ጊዜ ከተጠጣ 60 ግራም ሆነ። በድሬ ሙቀት ላይ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ሲታከልበት ከ90 ግራም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች ነው። የስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ ፍሩክቶስን በዋናነት የሚያስተናግደው ጉበት ነው። ሲበዛበት ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ ከፊሉን ትራይግሊሰራይድ አድርጎ ወደ ደም ይልከዋል፣ ከፊሉ እዚያው ጉበት ውስጥ ይቀራል። ቅባት ሊቆርጥ የተጠጣው ሻይ ራሱ ስብ ሠራ ማለት ነው። ስኳሩን በማር መተካትም መፍትሔ አይሆንም፤ ማርም ባብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ነው።

ይህን ያህል ስኳር የሚያስፈልገው ሻዩ ከመጠን በላይ ስለሚፈላ ነው። ቅጠሉ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲንተከተክ ይመራል፣ አፍ ይይዛል፤ ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር ይጨመራል። መጀመሪያ ለ1 ሊትር ውሃ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ 3 ቅርንፉድና 4 ፍሬ ሄል ጨምረው 10 ደቂቃ ያፍሉ። ከእሳት ካወረዱ በኋላ 4 የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምረው ይክደኑት። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ቆይተው በማጥለያ ያጥልሉትና ቅጠሉን ሳያስገቡ ወደ ፔርሙስ ይገልብጡት። ስኳር ፔርሙሱ ውስጥ አይጨመር፤ እያንዳንዱ ሰው በብርጭቆው ይጨምር፣ አለዚያ ስንት እንደጠጣ አያውቅም። ከ3 ማንኪያ በአንድ ጊዜ ወደ ባዶ መውረድ ብዙዎችን በሳምንቱ ይመልሳቸዋል። በሳምንት ግማሽ ማንኪያ ቢቀነስ በ4 ሳምንት 1 ማንኪያ ላይ ይደረሳል፤ ምላስም እስከዚያው ይለምደዋል። ቀረፋው ግን እንጨቱ ይበቃል። በገበያ የሚበዛው ወፍራሙ ቀረፋ ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ዱቄቱን በየቀኑ በማንኪያ መውሰድ ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

የሐረሩ ቁቲ ከቡና ቅጠል ስለሚፈላ ስለ ሻይ የተጠናው እርሱን አይመለከትም። በጨው የሚጠጡት ከስኳሩ ድነዋል፤ የደም ግፊት ያለበት ግን ጨውንም ይቀንስ።

ከሻዩ ጋር የሚቀርበውን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው። ይህ ስብ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅምበትን አቅም ይቀንሳል። ሳምቡሳና ሙሸበክ በየቀኑ ከሚበላ በሳምንት አንዴ ቢሆን፣ ቤት ውስጥም የሱፍ ዘይት ቢተካ፣ በኮሌስትሮል ላይ የሚመጣው ለውጥ ከማንኛውም ሻይ ይበልጣል።

በርጫውንም ሳናነሳ አናልፍም። በሐረር በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ከሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። የጫቱን ምሬት ለመስበር ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ይደጋገማል፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣ አልኮል፣ ይከተላል። አንድ ጉበት ጫቱን፣ ስኳሩንና አልኮሉን በአንድ ቀን ይቀበላል። መቃም ያልተወ ሰው ቢያንስ ሻዩን ያለ ስኳር ያድርገው፣ ውሃ ይጠጣ፣ ጨብሲውን ይተው።

ነፍሰ ጡሮችና የደም ማነስ ያለባቸው ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጡ። ሻይ በሽሮ፣ በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዘዋል፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆዩ፣ የብረት እንክብልንም በሻይ አይዋጡ።

የጉበት ስብ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ወገቡ የሰፋ፣ ስኳር በሽታ ያለበት ወይም ትራይግሊሰራይዱ በዴሲሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ሰው የጉበት ኢንዛይምና አልትራሳውንድ እንዲታይለት ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንዛይሙ ደህና ስለሆነ ብቻ ጉበቱ ስብ የለበትም ማለት አይደለም፤ አልትራሳውንድም ስቡ ጥቂት ሲሆን ያመልጠዋል። ትራይግሊሰራይድ ከመለካቱ በፊት ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ለሚደርስ ጊዜ መጾም ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ የሚፈቀደው ውሃ ብቻ ነው። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ጠጥቶ የመጣ ሰው ለላቦራቶሪው ሳይነግር ደም ከሰጠ ውጤቱ ያሳስተዋል፤ ስለዚህ ይናገር፣ በሌላ ቀንም ጾሞ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና ባለሙያዎች፣ ከድሬዳዋ